አባባ «ዋዝ ግራጁዌትድ» ተብለዋል፤ ማን ነው ያደረጋቸው?

ትንሿ_ልጅ

ሰላም ለዚህ ቤት። ጥያቄዬ የእንግሊዝኛ ነው፣ መልሱን ግን በአማርኛ ስለምፈልገው እዚህ አመጣሁት። አባባ በቅርቡ 87 ዓመት ይሞላቸዋል። እኛ ልጆቻቸው የድሮ ፎቶና ወረቀት ሰብስበን አንድ ትንሽ የቤተሰብ መጽሐፍ ልናሳትምላቸው ነው፣ በድብቅ። ከሳጥናቸው ውስጥ የጋዜጣ ቁራጭ ወጣ። በአራት የታጠፈ፣ ሻይ የፈሰሰበት ይመስል የወየበ፣ እጥፋቱ ላይ ያሉት ፊደላት የተበሉ። እ.ኤ.አ. የ1962 ነው፣ ኦክላሆማ ውስጥ የሚታተም የትንሽ ከተማ ጋዜጣ። አባባ ያኔ ከዓለማያ እርሻ ኮሌጅ ወጥተው ለማስተርስ ስቲልዎተር ተልከው ነበር። ፎቶው ላይ ከአንድ አሜሪካዊ ቤተሰብ ጋር በረንዳ ላይ ቆመዋል። ክራቫታቸው ወደ ግራ ዞሯል።

ከፎቶው ሥር ያለውን ልተረጉም ተቀምጬ ገና መጀመሪያው መስመር ላይ ተያዝኩ። «ሁ ዋዝ ግራጁዌትድ ፍሮም» ይልና የኮሌጁን ስም ጠርቶ 1960 ይላል። «ሁ ግራጁዌትድ» ቢል ይገባኛል። ያቺ «ዋዝ» እዚያ ምን ትሠራለች? ታላቅ እህቴ «የጋዜጣው ስህተት ነው፣ ዝለያት» አለች። ወንድሜ ደግሞ ድሮ እንግሊዝኛ ያስተምር ነበርና «ሌላ ሰው ነው ያስመረቃቸው ማለት ነው፣ ምናልባት ፈተናውን ሳይጨርሱ ተሰጥቷቸው ይሆናል» ብሎ ቤቱን በጠበጠው። አባባን ጠይቀን እንዳንገላገል ሰርፕራይዝ ነው።

ሌላም አለ። ቀጥሎ፣ እሑድ ዕለት ከዚያ ቤተሰብ ጋር «ሞተርድ ቱ ታልሳ» ይላል። አባባ ሞተር ነድተው አያውቁም! ብስክሌት እንኳን ይፈራሉ።

ሸገር_ቀልድ

ግራጁዌት ያደረገ ሰው ብዙ አይቻለሁ፣ ግራጁዌት የተደረገ ሰው ግን የመጀመሪያዬ ነው። ሞተሯን በተመለከተ፣ ደብቀዋችሁ ነው እንጂ ነድተዋል።

የድሮ_ጋዜጣ

እህትሽ ጋዜጣውን ይቅርታ ትጠይቀው። ስህተት አይደለም። እንዲያውም የጻፈው ሰው በጊዜው «ጥንቁቅ» የሚባለው ዓይነት ነበር።

እኔ ሥራዬ የድሮ ጋዜጦች ተነስተው ኮምፒውተር ውስጥ ሲገቡ የተበላሸውን ፊደል ማረም ነው፣ ቀኑን ሙሉ የሞተና የተጋባ ሰው ሳነብ እውላለሁ። «ዋዝ ግራጁዌትድ ፍሮም»ን ስንት ጊዜ እንዳየኋት ብቆጥር ደመወዜ በእሷ ብቻ ይከፈል ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። ግራጁዌት የሚለው ግሥ ሲነሳ አድራጊው ተማሪው አልነበረም፣ ትምህርት ቤቱ ነበር። ከላቲን «ግራዱስ» ነው የመጣው፣ እርከን ማለት ነው፣ የደረጃ መውጫ። ዩኒቨርሲቲው ተማሪውን አንድ እርከን ላይ ያወጣዋል። ተማሪው ደግሞ ይወጣል ሳይሆን እንዲወጣ ይደረጋል። ስለዚህ ዬል ዩኒቨርሲቲ እገሌን «ግራጁዌትድ» ይባላል፣ እገሌ ደግሞ በዬል «ዋዝ ግራጁዌትድ»። ያቺ «ዋዝ» ዕዳ አይደለችም፣ የግሡ የመጀመሪያ ልብስ ናት።

ከዚያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ ተማሪው ራሱ ባለቤት ሆኖ ብቅ አለ። «ሂ ግራጁዌትድ»። የቋንቋ ዘበኞች ጮኹ፣ ሰው ራሱን በራሱ እንዴት ያስመርቃል አሉ። ሕዝቡ አልሰማቸውም፣ ጋዜጣው ግን ሰማቸው። በተለይ አሜሪካ ውስጥ፣ በተለይ ደግሞ ክራቫት የሚያስሩት የጋዜጣ ዓምዶች ውስጥ። የሞት ዜናና የሰርግ ማስታወቂያ ማለቴ ነው። የኒውዮርክ ታይምስን የ1930ዎቹን ወይም የ1950ዎቹን የሞት ዜና ብትከፍቺ ሁሉም በአንድ ቅርጽ የተጋገረ ነው። ሰውየው ተወለደ፣ እዚህ ትምህርት ቤት ለኮሌጅ ተዘጋጀ፣ «ዋዝ ግራጁዌትድ ፍሮም» እንዲህ፣ በጠበቃነት ተፈቀደለት፣ ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ትቶ አለፈ። የሰርጉ ዓምድማ በ1980ዎቹም ሙሽራዋን «ዋዝ ግራጁዌትድ» ሲላት ታገኚዋለሽ። ሌላው ገጽ ትቷት እንኳን።

ወደ ኋላ በሄድሽ ቁጥር ደግሞ «ፍሮም» ትጠፋና «አት» ትመጣለች። የአሜሪካው ጄኔራል ግራንት ዌስት ፖይንት የሚባለውን የጦር አካዳሚ የጨረሰው በ1843 ነው፣ የዚያ ዘመን ሰዎች ስለ እሱ ሲጽፉ «ግራጁዌትድ አት» ማለቱ ነበር የሚቀላቸው። ከኮሌጁ መውጣቱ ሳይሆን እዚያ ቆሞ መቀበሉ ነው የታያቸው። አንድ ቁራጭ ቀኑ ተበልቶ ሲመጣልኝ እኔ መጀመሪያ የማየው ይህቺን ቃል ነው። «አት» ካለ አሮጌ ነው ብዬ እጀምራለሁ።

ዛሬ የአሜሪካው የዜና ወኪል የአሶሺየትድ ፕሬስ ጋዜጠኞች የሚመሩበት ደንብ «ዋዝ» ትክክል ናት ግን አታስፈልግም ይላል። «ፍሮም»ን ግን አትጣሏት ይላል። ምክንያቱም አሁን ወጣቱ «ፍሮም»ንም አውልቋታል፣ «ሂ ግራጁዌትድ ኮሌጅ» ነው የሚለው። እንግዲህ ተመልከቺ፣ ድሮ ኮሌጁ ልጁን ያስመርቅ ነበር፣ ዛሬ ልጁ ኮሌጁን አስመረቀ!

ሞተሩ ቀላል ነው። «ሞተርድ ቱ ታልሳ» ማለት በመኪና ወደ ታልሳ ሄዱ ማለት ብቻ ነው። መኪና ራሷ ወሬ በነበረችበት ዘመን የተወለደ ግሥ ነው፣ በትንንሽ ከተማ ጋዜጦች የሰፈር ወሬ ዓምድ ውስጥ ብዙ ቆየ። ማን ማንን እሑድ ጠየቀ፣ ማን ማን ቤት ምሳ በላ፣ ማን በመኪና የት ደርሶ መጣ። ከስቲልዎተር ታልሳ ከ100 ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው። ያኔ ይህ ዜና ነበር።

ትንሿ_ልጅ

ኧረ እግዜር ይስጥህ! ሳነበው ሳቄ መጣ። እህቴን አሁን እደውልላታለሁ። ወንድሜን ግን እንዴት ነው የማሳምነው? አሁንም «ዋዝ ካለ አድራጊ አለ» እያለ ነው። እና በአማርኛ ምን ልበል? «እንዲመረቁ ተደረጉ»? እንደ ቅጣት አይመስልም?

መምህር_ጡረታ

ልጄ፣ ወንድምሽ ሰዋስዉ ላይ ልክ ነው፣ አድራጊ አለ። ፍርዱ ላይ ነው የተሳሳተው። አድራጊ ያለው ሁሉ የተሰጠው በችሮታ ነው ማለት አይደለም።

በአማርኛ ምን ልበል ላልሽው ደግሞ ምንም አትድከሚ። አማርኛ ያቺን «ዋዝ» ድሮውኑ ይዟታል። «ተመረቀ» ስትዪ እኮ «ዋዝ» ብለሻል። መረቀ፣ ተመረቀ። ገደለ፣ ተገደለ እንደሚባለው። መራቂ አለ፣ የሚመረቅ አለ። እንግሊዞቹ መቶ ዓመት የተጨቃጨቁበትን እኛ በአንዲት «ተ» ጨርሰነዋል። «በ1952 ዓ.ም. ከዓለማያ እርሻ ኮሌጅ ተመረቁ» በይ። ከዘመኑ እንግሊዝኛ ይልቅ የድሮው ጋዜጣ ለአማርኛ ይቀርባል።

ዓመቱን ልብ በይልኝ። ጋዜጣው 1960 ያለው በእነሱ ነው። ምርቃቱ ከመስከረም በፊት ከሆነ በእኛ 1952 ነው። የጋዜጣው 1962ም በጋውም ሆነ ፀደዩ 1954 ይሆናል፣ ከመስከረም በኋላ ከታተመ 1955። ከቁራጩ ጀርባ ያለውን ማስታወቂያ እዪው፣ የገና ዕቃ ይሸጣል ወይስ የአትክልት ዘር? ከዚያ ታውቂዋለሽ።

አራት_ኪሎ_ነኝ

ጋሼ በትሕትና ልቃወም። «ተመረቀ» ቅርጹ ተደራጊ ነው፣ እሺ። ግን ማን ነው ዛሬ «ተመረቀ» ሲል መራቂ የሚታየው? ገዋን ነው የሚታየው፣ አበባውና ፎቶግራፈሩ ነው የሚታየው። ደግሞ እውነት ተደራጊ ቢሆን ኖሮ ወደ አድራጊ መመለስ ነበረበት። እንግሊዝኛው ይመለሳል፣ «ዬል ግራጁዌትድ ሂም» ይባላል። እስቲ «ዩኒቨርሲቲው መረቀኝ» በሉ። አይባልም! «አያቴ መረቀችኝ» ነው የሚባለው። ዩኒቨርሲቲው «አስመረቀኝ» ነው። ስለዚህ የጋሼ ሒሳብ ላይ አንድ ቁጥር ይጎድላል።

ዜናው ላይ ስሙት እስቲ። «በመደበኛና በማታው መርሐ ግብር በተለያዩ የትምህርት ዘርፎች ያስተማራቸውን ተማሪዎች አስመረቀ»። አስመረቀ! ማለትም ዩኒቨርሲቲው ራሱ አይመርቅም፣ ሌላ መራቂ ጠርቶ ያስመርቃል። ታዲያ መራቂው ማን ነው? የክብር እንግዳው? ያ ሰውዬ ንግግሩን ሲያነብ ግማሹ አዳራሽ ስልክ ላይ ነው።

ሸገር_ቀልድ

መራቂው እናቴ ናት። ክፍያውን የከፈለችው እሷ ናት። የክብር እንግዳው ዘግይቶ መጥቶ ቀድሞ ነው የሄደው።

መምህር_ጡረታ

አራት ኪሎ፣ ጥሩ ነካሃት። «አስመረቀ» እዚያ ቦታ የተቀመጠው በስህተት አይደለም። ድሮ መራቂው ይታይ ነበር። በጃንሆይ ጊዜ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ቻንስለር ራሳቸው ንጉሡ ነበሩ። ዩኒቨርሲቲው ያስተምራል፣ ያቀርባል፣ ያስመርቃል፣ ዲግሪው የሚሰጠው ግን በእሳቸው እጅ ነው። ግሡ ያንን ሥርዓት ይዞ ቀረ፣ ሰዎቹ አለፉ።

ከዚያም በፊት የአብነት ትምህርት ቤቱን አስቡ። እኔ በልጅነቴ ትንሽ ቆሜበታለሁ፣ አልገፋሁም እንጂ። አንድ ደቀ መዝሙር ድጓውን ከየኔታ ዘልቆ ቢያውቅም አለቀ አይባልም። ቤተልሔም ሄዶ «ያስመሰክራል»። ጋይንት ያለችውን ቤተልሔም ማለቴ ነው። ዝማሬ መዋሥዕት ከሆነ ዙር አባ ሄዶ ያስመሰክራል። እስቲ ቃሉን ስሙት፣ አስመሰከረ። ተማሪው ነው ባለቤቱ፣ ሥራው ግን ሌላውን ሰው ምስክር ማድረግ ነው። ዐወቅሁ አይልም፣ ዐወቀ የሚልለትን ያቆማል እንጂ። የኔታ መጨረሻ ላይ ይመርቁታል፣ ይሄኛው ደግሞ የእውነት ምርቃት ነው፣ እጃቸውን ዘርግተው «እንትፍ እንትፍ» ብለው። በዚያ ቤት ማንም ራሱን አይመርቅም፣ ወግም አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር። የድሮ ጋዜጣ «ግራዱስ» እርከን ማለት ነው ብሏል። እኛ «በማዕረግ ተመረቀ» እንላለን አይደል? ማዕረግ ከግዕዙ «ዐርገ» ነው፣ ወጣ ማለት። ዕርገት የሚባለው በዓል ከዚያው ነው። መዓርግ መሰላል፣ መውጫ ደረጃ ነው። እንግዲህ የላቲኑ እርከን በምርቃታችን ውስጥ በሌላ በር ገብቶ ተቀምጧል። በዚህ ዕድሜዬ ዛሬ ነው ሁለቱን ጎን ለጎን ያየኋቸው።

የድሮ_ጋዜጣ

ጋሼ ይሄን አላውቀውም ነበር። «ዲግሪ»ም እኮ ከዚያው ከ«ግራዱስ» ነው የወጣው። ስለዚህ «በማዕረግ በዲግሪ ተመረቀ» ያለ ሰው እርከንን ሁለት ጊዜ ረግጧል።

ላብራቶሪ

9ኛ ክፍል ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ይሄን ክር ሳነብ ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን የፈሳሽ መለኪያ፣ ግራጁዌትድ ሲሊንደሩን አየሁትና ቀዘቀዝኩ። 15 ዓመት ሙሉ ስጠራው ኖሬ ለምን «ግራጁዌትድ» እንደተባለ አንድ ቀን አስቤ አላውቅም። እርከን የተሰመረበት ማለት ነው ለካ! ከታች እስከ ላይ መስመር መስመር፣ 10፣ 20፣ 30 እያለ። እሱም ራሱን አላሰመረም፣ ሌላ ነው ያሰመረው። ተማሪዎቼ ሁልጊዜ «ቲቸር ይሄ ሲሊንደር የት ነው የተመረቀው?» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር፣ እኔም ዝም በሉ እላቸው ነበር። ሰኞ እመልስላቸዋለሁ።

ክሮይደን

ከለንደን ደቡብ ሰላምታ። እዚህ አገር የድሮ ጋዜጣ የሚያነብ ሰው ሌላ ጉድ ያጋጥመዋል። እንግሊዞቹ ያችን «ዋዝ» እንደ አሜሪካኖቹ አያበዟትም። ስለ ኦክስፎርድና ካምብሪጅ ሲጽፉ ሰው ወደ ዩኒቨርሲቲ «ይወጣል»፣ ሲጨርስ ደግሞ «ይወርዳል»። «ዌንት ዳውን» ካለ ጨርሶ ወጣ ማለት ነው፣ ምንም አልደረሰበትም። «ዋዝ ሴንት ዳውን» ካለ ግን ተባረረ ማለት ነው! እዚህ ጋ ያቺ «ዋዝ» ሰውየውን ጉድ ትሠራዋለች። እኔ መጀመሪያ ያነበብኩ ጊዜ ስለ አንድ ባለሥልጣን «ወረደ» ሲል ምን አጥፍቶ ነው ብዬ ገጹን ሁለት ጊዜ ፈለግሁ። ምንም አላጠፋም፣ ትምህርቱን ጨርሶ ወደ ቤቱ ሄደ።

ግራጁዌት ደግሞ እዚህ በድሮው ወግ ለዩኒቨርሲቲ ብቻ ነው። አሜሪካ ግን 12ኛ ክፍልም ግራጁዌት ነው፣ አሁን መዋዕለ ሕፃናትም ገዋን እያለበሰ ነው።

ሸገር_ቀልድ

አዲስ አበባም ደርሷል። የወንድሜ ልጅ በ5 ዓመቷ ሁለት ጊዜ ተመርቃለች። እኔ እስካሁን አንዴ።

አራት_ኪሎ_ነኝ

እሺ ተሸንፌያለሁ፣ ግማሹን። ግን አንድ ነገር ልብ አላላችሁም። ከተማው ውስጥ ወጣቱ እንዴት ነው የሚያወራው? «ግራጁዌት አደረግኩ»። አደረግኩ! ቃሉን ከእንግሊዝኛ ሲወስድ አድራጊነቱንም አብሮ ወሰደ። ያው ሰው፣ ያው ቀን፣ ለእናቱ ሲደውል «ተመረቅኩ» ይላል፣ ለጓደኛው ሲጽፍ «ግራጁዌት አደረግኩ» ይላል። ለእናቱ ተደራጊ፣ ለጓደኛው አድራጊ። እኔ ራሴ እንደዚያ ነኝ፣ አሁን ነው የታወቀኝ። ሲቪ ላይ ደግሞ ምን ይባላል? በእንግሊዝኛ ከሆነ «አይ ግራጁዌትድ»፣ ዋዝ ብጽፍማ ቀጣሪው እንደ ወንድምሽ ሰዋስው አልተማረም ብሎ ይጥለኛል።

እና ጋሼ «መረቀ» ላይ ልጨምርልዎት። እኛ ድልድይም እንመርቃለን። «መርቀው ከፈቱ» የሚለው ዜና ላይ ድልድዩና ልጁ አንድ ግሥ ይጋራሉ። ገበያ ደግሞ ሽንኩርት ከተመዘነ በኋላ «መርቂልኝ» ስንል ሁለት ራስ ትጨምራለች። እንግሊዝኛው እርከን አየ፣ አማርኛው ጭማሪ አየ።

ሸገር_ቀልድ

ምርቃናን ረሳኸው። ጫት ቤት ያለው ሁሉ መርቅኗል፣ ያለ ዩኒቨርሲቲ።

መምህር_ጡረታ

አንተ ልጅ ዝም በል፣ ሴት ልጅ ለአባቷ መጽሐፍ እየሠራች ነው።

ድልድዩ ጥሩ ነው። ለትንሿ ግን አንድ ምክር። በአማርኛ የሰው ሕይወት ሲተረክ እንዲሁ በ«ተ» እየተደረደረ ነው የሚሄደው፣ ተወለዱ፣ ተማሩ፣ ተመረቁ፣ ተቀጠሩ፣ ተሾሙ፣ ተሸለሙ። የእኔታ ልጅ ብሆን ኖሮ «ተማሩ» የምትለዋን ትንሽ እጫወትባት ነበር። «ተምህረ» በሃሌታው «ሀ» ሲሆን መማር ነው፣ መምህርና ትምህርት የሚመጡት ከዚያ ነው፣ በሐመሩ «ሐ» ሲሆን ምሕረት ማግኘት ነው። አማርኛ ላይ ሁለቱም «ተማረ» ሆነው ተቀላቅለዋል። ግን የ«ተ» ድርድር ሲበዛ ቀብር ላይ የሚነበብ የሕይወት ታሪክ ይመስላል። አባትሽ በሕይወት አሉ፣ እግዜር ያቆይልሽ። ስለዚህ መሐል መሐል ራሳቸው የሠሩትን አስገቢ። አረሱ፣ አስተማሩ፣ ተሳፍረው ሄዱ፣ ክራቫት ጠምዝዘው አሰሩ።

የሐረሩ_መንገደኛ

ዘግይቼ መጣሁ። እኔ የሐረማያ ምሩቅ ነኝ፣ በድሮ ስሙ ዓለማያ። ስለ ኦክላሆማው ያልተነገረ አለ። አባትሽ ስቲልዎተር የሄዱት እንዲያው በዕጣ አይደለም። በትሩማን ጊዜ ፖይንት ፎር የሚባል የእርዳታ ፕሮግራም ነበር፣ መሪው ዶክተር ሄንሪ ቤኔት ደግሞ የዚያው የኦክላሆማ ኮሌጅ ፕሬዝዳንት ነበሩ። እሳቸው በ1951 መጨረሻ ኢራን ውስጥ በአውሮፕላን አደጋ ሞቱ፣ ስምምነቱ ግን በ1952 ተፈረመና የኦክላሆማ መምህራን መጥተው ዓለማያን አብረው አቋቋሙ፣ እስከ 1968 ቆዩ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው። የእኛ ልጆች ደግሞ ወደዚያ ይሄዱ ነበር። ስለዚህ የስቲልዎተር አካባቢ ጋዜጣ ዓለማያን እንደ ሩቅ አገር ሳይሆን እንደ ዘመድ ቤት ነበር የሚያውቃት።

ትርጉሙ ላይ አንዲት ነገር ተጠንቀቂ። ጋዜጣው በ1962 ስለሆነ የታተመው ዩኒቨርሲቲው ስሙን ቀይሮ ኦክላሆማ ስቴት ከተባለ 5 ዓመት ሆኖታል። አባትሽ ግን እንደ ዘመኑ ሰው በድሮ ስሙ «ኤ ኤንድ ኤም» ብለው ሲጠሩት ሰምተሽ ይሆናል። ሁለት ቦታ የተማሩ እንዳይመስልሽ።

ትንሿ_ልጅ

ኡኡ! በትክክል! እኛ ቤት ግድግዳ ላይ አንድ ባንዲራ ነገር አለ «ኤ ኤንድ ኤም» የሚል፣ ወንድሜ ቴክሳስ ነው እያለ ሲከራከር ነው የኖረው። ሁለት ለዜሮ ተሸነፈ።

የቁራጩን ጀርባ አየሁት ጋሼ። ግማሽ ማስታወቂያ ነው፣ የሣር ማጨጃ ማሽን ሥዕልና የቲማቲም ችግኝ ዋጋ። እንግዲህ ፀደይ ነው፣ 1954።

ያወጣሁት ይኸው፦ «በ1952 ዓ.ም. ከዓለማያ እርሻ ኮሌጅ የተመረቁትና በአሁኑ ጊዜ በስቲልዎተር ከፍተኛ ትምህርታቸውን በመከታተል ላይ የሚገኙት ኢትዮጵያዊ፣ ባለፈው እሑድ ከአስተናጋጅ ቤተሰባቸው ጋር በመኪና ወደ ታልሳ ተጉዘው ውለዋል።»

እንዴት ነው? «በመከታተል ላይ የሚገኙት» ትንሽ ቴሌቪዥን ቴሌቪዥን አለኝ።

የድሮ_ጋዜጣ

አለ፣ ግን ተዪው። ኦሪጅናሉም በዘመኑ ሬዲዮ ሬዲዮ የሚል ነው። ክራቫት የታሰረ እንግሊዝኛ ክራቫት በታሰረ አማርኛ ቢመጣ ያምራል። «አስተናጋጅ ቤተሰብ» ላይ ግን ሆቴል ይሸታል። «የተቀበሏቸው ቤተሰብ» ብትዪስ?

አራት_ኪሎ_ነኝ

«የተመረቁት» ላይ እጄን አነሳለሁ። ይለፍ።

ትንሿ_ልጅ

ሰዎች፣ ሰርፕራይዙ ተበላሸ። ታላቅ እህቴ ናት፣ «ስህተት አይደለም ለካ» ብላ በስልክ ስትነግረኝ አባባ አጠገቧ ተቀምጠው ነበር። ጆሯቸው ከበደ እያልን ስንጮህ የኖርነው ሰዎች፣ ያንን ቀን ሁሉን ሰሙ።

ሄጄ አነበብኩላቸው። ማጉያ መነጽራቸውን አምጥተው ራሳቸው ደገሙት። ስለ «ዋዝ» ስነግራቸው «ታዲያ ምን ሊል ኖሯል?» አሉኝ፣ ጥያቄው ራሱ አልገባቸውም። ለእሳቸው ያ ነው እንግሊዝኛው። «አስተማሪዎቻችን ኦክላሆማዎቹ እንዲያ ነበር የሚጽፉት» አሉ።

ሁለተኛው መስመር ላይ ግን ተቆጡ። ታልሳ አይደለም አሉ፣ ፖንካ ሲቲ ነው። ደግሞም «ሞተርድ» ውሸት ነው። መኪናዋ ግማሽ መንገድ ላይ ቆማ እሳቸውና የቤቱ ትልቁ ልጅ በዚያ ንፋስ እስከ ነዳጅ ማደያው ድረስ ገፍተዋታል። ክራቫቷ የዞረችው ለካ ያን ጊዜ ነው።

ሸገር_ቀልድ

በቃ ተገኘ። መኪናዋ ናት «ዋዝ ሞተርድ»። ባይ አባባ።